ከመጽሐፉ የጎደለው ሕፃን

የሞንቴ ክሪስቶውን ኮንት ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበብኩት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ ነው። መጽሐፉ እንግሊዝኛ ለሚማሩ ልጆች ተብሎ በቀላል ቋንቋ ያጠረ፣ መቶ ገጽ እንኳ የማይሞላ፣ ጀርባው በፕላስተር የተያያዘ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ንብረት ነበር። በሁለት ቀን ጨረስኩት፤ ደግሜም አነበብኩት። ያለ ጥፋቱ የታሰረ ወጣት መርከበኛ ከእስር ያመልጣል፣ የተቀበረ ሀብት ያገኛል፣ ስሙን ለውጦ ይመለሳል፣ ከዚያም ያሳሰሩትን ሰዎች በየተራ የእጃቸውን ይሰጣቸዋል። አንዱ በወደቀ ቁጥር ልቤ ቅቤ ይጠጣ ነበር። በ2002 የተሠራውን ፊልም ኋላ በሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ሳየው፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግተን የተቀመጥነው ሁሉ በመጨረሻው የሰይፍ ፍልሚያ ላይ ስናጨበጭብ ትዝ ይለኛል። (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ሙሉውን መጽሐፍ ያነበብኩት ግን ከዚያ ብዙ ቆይቼ በአንድ ክረምት ነው። 117 ምዕራፎች፣ በእጄ በገባው እትም ከ1200 ገጽ በላይ። 111ኛው ምዕራፍ ላይ ስደርስ በዚያ በቀጭኑ መጽሐፍም ሆነ በፊልሙ ያላየሁት ነገር ገጠመኝ፤ ኤዱዋር የሚባል ስምንት ዘጠኝ ዓመት የሚሆነው ልጅ በመርዝ ሞቶ አገኘሁት። ኮንቱም ሬሳውን አይቶ ፊቱ ሲገረጣ አነበብኩ። የልጁን ስም ያየሁባቸውን ገጾች ወደ ኋላ እየገለጥኩ አንድ በአንድ ፈለግኳቸው። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ይህ ልቦለድ ወደ መድረክ ወይም ወደ ፊልም እንደተለወጠ በሰማሁ ቁጥር ቀድሞ ወደ አእምሮዬ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ልጁን ምን አደረጉት?

ታሪኩን ለማያውቅ ሰው ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። በፌብሩዋሪ 24 ቀን 1815 ፋራዖን የተባለችው መርከብ ማርሴይ ወደብ ትገባለች። የ19 ዓመቱ ኤድሞን ዳንቴስ የመርከቧ አዛዥ ሆኖ ሊሾም፣ የካታላን ተወላጅ የሆነችውን መርሴዴስን ሊያገባ ጥቂት ቀርቶታል። ሹመቱን የተመኘው ዳንግላር የናፖሊዮን መልእክተኛ ነው የሚል ጥቆማ ይጽፍበታል፤ ልጅቷን የተመኘው ፈርናን ደብዳቤውን ያደርሳል። ጉዳዩን የሚመረምረው ቪልፎር ወጣቱ ንጹሕ መሆኑን ቢያውቅም፣ ነገሩ የገዛ አባቱን ምስጢር የሚያወጣ ሆኖ ስላገኘው ሻቶ ዲፍ ወደተባለው የደሴት ወህኒ ይልከዋል። ዳንቴስ በዚያ 14 ዓመት ይቆያል። በግድግዳው ማዶ የታሰሩት ምሁር አባ ፋሪያ ቋንቋና ሳይንስ ያስተምሩታል፤ ማን እንዳሳሰረው በጥያቄ ብቻ ፈልቅቀው ያወጡለታል፤ የተቀበረውን ሀብት ያወርሱታል። ሲሞቱ እርሱ በሬሳቸው ፈንታ ከፈኑ ጆንያ ውስጥ ይገባና የ36 ፓውንድ የመድፍ ጥይት ከእግሩ ጋር ታስሮ ባሕር ውስጥ ይወረወራል። የሻቶ ዲፍ መቃብር ባሕሩ ነው። ከዚያ አምልጦ የሞንቴ ክሪስቶ ኮንት ተብሎ ይመለሳል።

ደራሲው አሌክሳንደር ዱማ ስለ እስር ለመጻፍ ሩቅ መሄድ አላስፈለገውም። አያቱ ማሪ ሴሴት ዛሬ ሄይቲ በምትባለው በሳን ዶሚንግ በባርነት የኖረች ጥቁር ሴት ነበረች፤ አባቱ ቶማ አሌክሳንደር ከእርሷ ተወልዶ በፈረንሳይ አብዮት ጦር ውስጥ እስከ ጄኔራልነት የደረሰ ሰው ነው። እኛ የፑሽኪን ቅድመ አያት አገሩ የት ነው እያልን ስንከራከር ኖረናልና፣ የዚህኛው ጸሐፊ አያት ታሪክ በመካከላችን ይህን ያህል ሳይነሣ መቅረቱ ይቆጨኛል። ጄኔራሉ ከግብፅ ዘመቻ ሲመለስ መርከቡ ደቡብ ኢጣሊያ ለማረፍ ተገደደና በኔፕልስ መንግሥት እጅ ወደቀ፤ ከ1799 እስከ 1801 ታስሮ ሲፈታ ጤናው ተሰብሮ ነበር። ናፖሊዮንም ፊቱን አዞረበት። በ1806 ሲሞት ልጁ አራት ዓመት አልሞላውም፤ መበለቲቱም ጡረታ ተከለከለች። ዱማ በትዝታ መጽሐፉ እንደጻፈው፣ አባቱን እግዚአብሔር ወሰደው ሲሉት የአባቱን ጠመንጃ ተሸክሞ ደረጃ ሲወጣ እናቱ አገኘችው። ወዴት ነው ብትለው ወደ ሰማይ አላት። ምን ልታደርግ ብትለው፣ አባቴን የገደለውን እግዚአብሔርን ልገድል አላት።

ይህን ታሪክ ካነበብኩ በኋላ ልቦለዱ ሌላ መልክ ያዘብኝ። ዱማ የታሪኩን አጥንት ያገኘው ዣክ ፐሼ የተባለ ሰው ከፓሪስ ፖሊስ መዝገብ አውጥቶ ካሳተመው ጽሑፍ ነው። በ1807 ፒኮ የተባለ ጫማ ሰፊ ሊያገባ ሲል ጓደኞቹ የእንግሊዝ ሰላይ ነው ብለው ያሳስሩታል፤ ሰባት ዓመት ታስሮ ከአንድ የኢጣሊያ ካህን ሀብት ወርሶ ይወጣል፤ ከዚያም ሲገድል ይኖርና ራሱም ተገድሎ ያበቃል። በዚህ ውስጥ በቀል እንጂ ጥርጣሬ የለም። ጥርጣሬውን የጨመረው ዱማ ነው። የሥራ ባልደረባው ኦጉስት ማኬም ውለታ አለበት፤ ዱማ ታሪኩን ከሮም፣ ባለጸጋው ኮንት ብቅ ካለበት ሊጀምር ሲል፣ የማርሴዩን ወጣትነትና የእስሩን ዘመን መዝለል እንደማይገባ ያሳሰበው ማኬ ነበር። ማኬ ባይኖር ኖሮ ኮንቱን እንጂ ዳንቴስን አናውቀውም ነበር።

ልቦለዱ የወጣው ዡርናል ዴ ዴባ በተባለው ጋዜጣ ላይ ከኦገስት 1844 እስከ ጃንዋሪ 1846 በተከታታይ ነው። አንባቢው ቂሙን ይዞ ወደ አንድ ዓመት ተኩል ለሚጠጋ ጊዜ ጠብቋል ማለት ነው። በሁለት ሰዓት ፊልም ውስጥ ሊገባ የማይችለው የመጀመሪያው ነገር ይህ ይመስለኛል። ዳንቴስ ከወህኒ ካመለጠ በኋላ የምናገኘው ሰው ቀዝቃዛ፣ ገርጣጣ፣ የማይበላና የማይስቅ ነው፤ አንባቢም ይህ ሰው ያ ደስተኛ መርከበኛ መሆኑን ለማመን በመቶ የሚቆጠሩ ገጾች ያስፈልጉታል። ካሜራ ግን ተዋናዩን ጢም አልብሶ በአንድ ቅጽበት ያሻግረዋል።

ለአበሻ አንባቢ ግን ሳይብራራ የሚገባው አንድ ትዕይንት አለ። ኮንቱ ፓሪስ ውስጥ ፈርናን ቤት ግብዣ ይጠራል። ፈርናን አሁን የሞርሴርፍ ኮንት ተብሏል፤ መርሴዴስም ሚስቱ ናት። እንግዳው ምንም እንዳልቀመሰ ያየችው መርሴዴስ ብቻ ናት። ወደ አትክልቱ ስፍራ ይዛው ትወጣና በእጇ የወይን ዘለላ ቆርጣ ትሰጠዋለች፤ አልበላም ይላታል። ኮክ ትቆርጥለታለች፤ አሁንም አልበላም ይላል። አንድ ጣሪያ ሥር እንጀራና ጨው የተካፈሉ ሰዎች ለዘላለም ወዳጅ ይሆናሉ የሚል የዓረቦች ልማድ እንዳለ ታስታውሰዋለች። እርሱም ያለነው ፈረንሳይ ነው ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። በደመኛ ቤት እህል እንደማይቀመስ ለእኛ ማንም ሊነግረን አያስፈልግም፤ ፍሬው ከእጇ ሲወድቅ እርሷ ማን እንደሆነ ማወቋንም፣ እርሱ ማወቋን ማወቁንም እናያለን። አንዲት የወይን ዘለላ ይህን ሁሉ ትናገራለች።

ከዚያ የሚመጣው ሌሊት ይከተላል። የመርሴዴስ ልጅ አልበር ስለ አባቱ ክብር ኮንቱን ለሽጉጥ ፍልሚያ ጠርቶታል፤ ኮንቱም ሊገድለው ቆርጧል። እናቲቱ ፊቷን ሸፍና ትመጣና ኤድሞን ብላ በስሙ ትጠራዋለች፤ ልጄን አትገድልም ትለዋለች። እርሱ የሚመልስላት ከኦሪት ነው፤ የአባቶች ኃጢአት በልጆች ላይ እስከ ሦስትና አራት ትውልድ ይደርሳል፣ እግዚአብሔር ይህን ካለ እኔ ለምን ከእርሱ የተሻልኩ እሆናለሁ ይላታል። ራሱን የእግዚአብሔር ክንድ አድርጎ የሾመ ሰው ንግግር ነው። እናቶቻችን ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ዳንቴስ ግን ቂሙን ራሱ ጸሎት አድርጎታል። ያም ሆኖ ለመርሴዴስ ይሸነፋል፤ አልበርም እውነቱን ከእናቱ ሲሰማ በሰው ፊት ይቅርታ ይጠይቃል። አንድ ልጅ ከአባቱ ዕዳ ዳነ።

ሁለተኛው አልዳነም። ኤዱዋር የቪልፎር ልጅ ነው። ዱማ ደግ ልጅ አላደረገውም፤ የበቀቀን ላባ የሚነቅል፣ መጽሐፍ የሚቀድ ቅምጥል ነው። ኮንቱ ፓሪስ በገባ ሰሞን ከደነገጡ ፈረሶች ያዳነው፣ ራሱን ስቶ ሳለም በቀይ መድኃኒት ጠብታ የቀሰቀሰው ይህንኑ ልጅ ነበር። ከዚያ ለእናቱ ስለ መርዝ ዓይነቶች በትሕትና ያስረዳታል፤ የምትጠይቀውን ሁሉ ይመልስላታል። ሴቲቱ ውርሱ ለልጇ እንዲሆን ብላ የቤቱን ሰው በየተራ መመረዝ ትጀምራለች። መርዙን እርሱ አላጠጣም፤ ዕውቀቱን ግን እርሱ ነው ያቀበላት፣ አውቆም ጠበቀ። ቪልፎር ወንጀሏን ደርሶበት ከፍርድ ቤት እስክመለስ በራስሽ ላይ ፍረጂ ብሏት ይሄዳል፤ ሲመለስ ሚስቱ ሞታለች፣ ልጇንም ይዛው ሄዳለች። ቪልፎር ኮንቱን እጁን ይዞ ወደ ሬሳዎቹ ይጎትተውና፣ ኤድሞን ዳንቴስ፣ ተመልከት፣ በቀልህን በሚገባ ወጣህ? ይለዋል። ኮንቱ ልጁን አቅፎ ወደ ሌላ ክፍል ይሮጣል፣ በሩን ይቆልፋል፣ ሊያነቃው ይሞክራል። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሬሳውን ተሸክሞ ይወጣል። ቪልፎርም አእምሮውን ስቶ በአትክልቱ ስፍራ መሬት ሲቆፍር ያገኘዋል። ከበቀል ድንበር ማለፉን፣ ከእንግዲህም እግዚአብሔር ከእኔ ጋር ነው ማለት እንደማይችል ያወቀው በዚያች ሰዓት ነው። የመጽሐፉ ልብ ያለው እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ከዚህ በፊት ያለው ሺህ ገጽ ሁሉ ወደዚህች ክፍል የሚወስድ መንገድ ነው።

መድረኩ ልጁን ለመሸከም ጊዜ አጣ። ዱማ ራሱ በ1847 ፓሪስ ውስጥ ታሪካዊ ቴአትር የሚል ስም ያለው የራሱን ቴአትር ቤት ከፍቶ ነበር፤ ሞንቴ ክሪስቶንም በፌብሩዋሪ 3 እና 4 ቀን 1848 በተከታታይ ሁለት ምሽት የሚታይ ተውኔት አድርጎ አቀረበው። ሁለት ምሽትም ስላልበቃው ቀሪው በ1851 በሌላ ቴአትር ቤት ሁለት ተውኔት ሆኖ ወጣ። የመጀመሪያው ተውኔት በታየ በሦስት ሳምንት ውስጥ የፌብሩዋሪው አብዮት ፈነዳ፤ ቴአትር ቤቱም ብዙ ሳይቆይ ከሰረ። ቡድኑ በዚያው ዓመት ጁን ላይ ለንደን ድሩሪ ሌን ወደተባለው ቴአትር ቤት ሄዶ ሲጫወት፣ የውጭ ዜጎች እንጀራችንን ሊቀሙን መጡ ያሉ እንግሊዛውያን በጩኸት ድምፃቸውን አጠፏቸው።

አሜሪካ ውስጥ የሆነው ደግሞ በዚህ ታሪክ ላይ የቀረ አሻራ አለው። ቻርልስ ፌክተር የተባለ ተዋናይ ባዘጋጀው አጭር ተውኔት ውስጥ አልበር የዳንቴስ የገዛ ልጅ ሆኖ ተገኘ፤ የልጅ ሞትና የጥርጣሬ ጉዳይም ከነሥሩ ተነቀለ። ይህን ተውኔት በ1883 ኒው ዮርክ ላይ የተረከበው ጄምስ ኦኒል ነው። ከባሕሩ ወጥቶ ቋጥኝ ላይ ቆሞ፣ ዓለም የእኔ ናት! ሲል ሕዝቡ ይነሣለት ነበር። የታሪኩ ጫፍ ከልጁ ሬሳ ተነሥቶ ወደ ቋጥኙ ተዛወረ። ኦኒል ይህንኑ ገጸ ባሕርይ ከ4000 ጊዜ በላይ እንደተጫወተ ይነገራል፤ 6000 የሚሉም አሉ። ሀብት አገኘበት፤ ሕዝቡ ግን በሌላ ገጸ ባሕርይ ሊያየው አልፈለገም። ልጁ ዩጂን ኦኒል ታላቅ ጸሐፌ ተውኔት ሆኖ፣ ከሞተ በኋላ በታተመው ስለ ቤተሰቡ በጻፈው ተውኔት ውስጥ፣ ለገንዘብ ብሎ በአንድ ሚና ታስሮ የቀረ፣ ሊሆን ይችል የነበረውን ታላቅ ተዋናይ ሲያስብ የሚቆጭ አባት አቆመልን። እኔ ይህን አባት ከብዙዎቹ የፊልም ዳንቴሶች ይልቅ ለዱማ መንፈስ የቀረበ አድርጌ አየዋለሁ።

ፊልሞቹን ሁሉ መዘርዘር አልፈልግም። ከድምፅ አልባው ዘመን ጀምሮ በየአገሩ ተሠርቷል፤ ግብፅ እንኳ ሄንሪ ባራካት በ1950 በአንዋር ዋግዲ፣ በ1964 ደግሞ በፋሪድ ሻውቂ ደጋግሞ ሠርቶታል። በ1934 ሮበርት ዶናት የተጫወተበት የሆሊውድ ፊልም ኤድሞንንና መርሴዴስን አንድ አድርጎ ያበቃል። በ1998 ዤራር ዴፓርዲዩ የተጫወተበት የፈረንሳይ ተከታታይ ድራማም እንዲሁ፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ያገናኛቸዋል። እኛ በቪዲዮ ቤት ያጨበጨብንለት የ2002ቱ ፊልም አልበርን የዳንቴስ ልጅ ያደረገው የፌክተርን መንገድ ተከትሎ ነው፤ ሃይዴን፣ ያችን በፈርናን ክህደት አባቷን ያጣችውን የያኒና ገዥ ልጅ፣ ፈጽሞ አውጥቷታል፤ በመጨረሻም ዳንቴስ ሻቶ ዲፍን ገዝቶ ከሚስትና ከልጅ ጋር ይቆማል። ሪቻርድ ሃሪስ እንደ አባ ፋሪያ የተጫወተውን ግን እስከ ዛሬ እወደዋለሁ። የፊልሙ ስሕተት ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ የጠፋውን 14 ዓመት መልሶ ይከፍለዋል። ዱማ አልከፈለውም። በመጽሐፉ መርሴዴስ ማርሴይ ውስጥ የኤድሞን አባት በረኀብ በሞተበት ትንሽ ቤት ብቻዋን ትቀራለች፤ ልጇ ወታደር ሆኖ ወደ አፍሪካ ይሄዳል። ይቅርታ አለ፤ መመለስ ግን የለም።

ከሁሉም ያስገረመኝ በ2004 የወጣው የጃፓኖች የአኒሜሽን ተከታታይ ነው። ታሪኩን ወደ ሩቅ ወደፊት ወስዶ፣ ፕላኔቶችን አሻግሮ፣ ከባለ ዕዳው ልጅ ከአልበር ዓይን እንድናየው ያደርጋል። ስለ መርከበኛው ሳይሆን በአባቱ በደል ስለሚከፍለው ልጅ ነው የሚጠይቀው። ምንም ያህል ከመጽሐፉ ቢርቅ ጥያቄው የዱማ ነው።

በ2024 ማትዩ ዴላፖርትና አሌክሳንደር ደ ላ ፓቴሊዬር የሠሩት የፈረንሳይ ፊልም ሦስት ሰዓት ሊሞላ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ያልቃል፤ በፈረንሳይ ብቻ ከ9 ሚሊዮን በላይ ተመልካች አግኝቷል። የሁለተኛው አዘጋጅ አባት ዴኒስ ደ ላ ፓቴሊዬር በ1979 ይህንኑ ልቦለድ ለቴሌቪዥን ሠርቶት ነበር፤ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ ሥራ ነው። ፒዬር ኒኔ ኮንቱን ሲጫወት ጭምብል ለብሶ መልኩን ይለዋውጣል፤ ጭምብሉ ሲወልቅ ከሥሩ ያለው ፊት ከጭምብሉ የባሰ የማይንቀሳቀስ መሆኑ ልብ ይነካል። ኤዱዋር እዚህም የለም። በእርሱ ፈንታ ግን ቪልፎር በጨቅላነቱ ከነሕይወቱ የቀበረው ልጅ አለ፤ ኮንቱ እርሱንና ሃይዴን አሳድጎ የበቀሉ መሣሪያ ያደርጋቸዋል፣ ወጣቱም በዚያ በቀል ውስጥ ይጠፋል። ሃይዴም በመጨረሻ ከኮንቱ ጋር ሳይሆን ከአልበር ጋር ትሄዳለች። መጽሐፉ ላይ የሚሆነው ይህ አይደለም፤ እኔ ግን አልተከፋሁም። አዘጋጆቹ ልጁን በስሙ ባይጠሩትም ሌላ ልጅ በቦታው አቁመው፣ ኮንቱ ባጠፋው ሕይወት ፊት እንዲቆም አድርገውታል። ሌሎቹ ይህን ሸሽተዋል።

አንድ ምዕራፍ ግን እስካሁን ባየኋቸው ፊልሞች አላገኘሁም፤ ፊልም ሠሪ ብሆን ከዚያ እጀምር ነበር። ኤዱዋር ከሞተ በኋላ ኮንቱ በቀሌ ትክክል ነበር ወይ የሚለውን ለራሱ ሊመልስ ወደ ሻቶ ዲፍ እንደ ጎብኚ ይሄዳል። እስር ቤትነቱ ቀርቷል፤ ጉዱን ማየት ለሚፈልግ ሰው የሚያስጎበኝ ዘበኛ ብቻ አለ። ዘበኛው ማን እንደሚያስጎበኝ አያውቅም። ክፍሉን ያሳየዋል፤ እዚህ ስለታሰረ ወጣትና ስለ አንድ እብድ ቄስ፣ ስለ ጆንያውና ስለ ባሕሩ ሁሉንም ይተርክለታል። ኮንቱ የገዛ ታሪኩን ከማያውቀው ሰው አፍ ቆሞ ይሰማል። ወደ ጨለማው ክፍል ሲገቡ ዘበኛው ችቦ ላምጣ ይላል። አያስፈልግም፣ ይታየኛል ይለዋል ኮንቱ። ዘበኛውም ተገርሞ፣ አንተስ እንደዚያ እስረኛ ነህ፤ ጨለማውን ከመልመዱ የተነሣ ከጥግ የወደቀች መርፌ ሳትቀር ትታየው ነበር ይባላል ይለዋል።

ኮንቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እዚያ ለመድረስ 14 ዓመት ፈጅቶበታል አለ።